ጥርሱ ያልረገፈ ቺንጋ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ጋራዥ አለ። እዚያ ጋራዥ እስከ ዛሬ የሚወራ ታሪክ አለ፤ ሙያ ለሚማሩ እንደ ማስጠንቀቂያ፣ ሥራ ለሚጠብቁ ሾፌሮች ደግሞ እንደ ቀልድ ይነገራል። አንዲት ልጅ የአባቷን መኪና ያለ ቅጡ ነዳችና ቫልቩን ሁሉ አጣጠፈችው ይባላል። ልጅቷ እኔ ነኝ። ቫልቩን ያጣጠፍኩት ግን እኔ አይደለሁም። ይህንኑ በአፌ ስናገር ሰው ፈገግ እያለ «እሺ፣ እሺ» ስለሚለኝ በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ።

አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊት «እርስዎ» ስል ነው የኖርኩት። እዚህ ላይ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ለወረቀት የሚተርፍ አንቱታ የለኝም፤ የነበረኝን በዚያ ዓመት የካቲት ወር ላይ ጨርሼዋለሁ።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። አባቴ የከብት ሐኪም ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ረዳት ነበር የሚባለው፤ የይጁቤና የደምበጫ ገበሬ ግን «ዶክተር» ይለው ነበር፣ እኛም አላረምንም። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ገዛ። በዕድሜ እኔን ትበልጠኝ ነበር፣ በጠባይም ትብስ ነበር። ብርድ አትወድም። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ሲያድርባት ጠዋት በቁልፍ አትነሣም። ጎረቤት ይጠራና ቁልቁል ትገፋለች፤ አባቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቀዋል፤ እሷም ሁለት ጊዜ ተንዘፍዝፋ ትነሣለች። አባቴ በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። ሌላው ሰው መኪና ሲነዳ እሱ መኪና የሚያሳምን ይመስለው ነበር።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ዓይኑ ሞራ ለበሰ። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። አንድ ቀን ገበያ አጠገብ የአህያ ጋሪ አልታየው ብሎ ለጥቂት ዳነ፤ ከዚያ ወዲያ እናቴ መሪ እንዳይጨብጥ አስማለችው። ማለላት። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከአንድ ክፍል ሙሉ ወንድ መሀል እኔ ብቻ ነበርኩ ሴት። አስተማሪው ሌላውን ሁሉ «አዙር» እያለ እኔን «ቀስ» ይለኝ ነበር፤ ቆሜ እንኳ ሳለሁ ቀስ ይለኝ ነበር።

አባቴ መንዳቴን ተቀበለ እንጂ ቁልፉን አልሰጠኝም። ቁልፉ በኮቱ የደረት ኪስ ነው የሚኖረው። መኪናዋ አጠገብ ስንደርስ አውጥቶ ይሰጠኛል፤ ሞተሩን ሳጠፋ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። አልተከራከርኩም። ለጥር መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሞራውን የሚያስወግድበት ቀጠሮ ተይዞለት ስለነበር የእኔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴን በገዛ መኪናው ዓባይ በረሃን አሻግሬ፣ በገዛ እጄ ነድቼ፣ ሐኪሙ በር ላይ ማድረስ። መንጃ ፈቃዱንም ያወጣሁት ለዚህ ነው።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ገልጦት አያውቅም። እኔ ገለጥኩት። ሞተሩ ውስጥ ሁለት ዘንግ አለ፤ የላዩ ቫልቮቹን ይከፍታል፣ የታቹ ፒስተኖቹን ያወጣል ያወርዳል። ሁለቱን እኩል የሚያስኬዳቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው፤ መካኒኮቻችን የታይሚንግ ቺንጋ ይሉታል። ቺንጋው በሌለበት የታቹ ዘንግ ከዞረ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ይመታውና ያጥፈዋል። መጽሐፉ ቺንጋው በጊዜው ይቀየር ይላል። እኛ ከገዛናት ጀምሮ አልተቀየረም፤ ከእኛ በፊት ስለመቀየሩም የሚያውቅ የለም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ደግሞ ሞቶ ነው የመጣው።

መጽሐፉን ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።

«ተበጥሷል?» አለኝ።

«አልተበጠሰም።»

«ታዲያ ምን ሁኚ ብሎሽ ነው እህቴ? ሲበጠስ ነው የሚቀየረው።»

«ዓባይ በረሃ ውስጥ ቢበጠስስ?»

«ያኔ በጭነት መኪና ትጎተታለች። ስንቷን ጎትተን አምጥተናል።»

አጠገቡ የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ። አንዱ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገለጥ ገለጥ አደረገና «እንግሊዝኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ የመጽሐፉ ጥፋት እንግሊዝኛ መሆኑ ይመስል። ቤት ስመለስ አባቴም እንዲያው ነው ያለኝ፤ ባለሙያው አያስፈልግም እያለ አንቺ ምን አስጨነቀሽ። ባለሙያው የሚያውቀው መጎተት መሆኑን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አባቴ ሰለቸውና «ያሻሽን አድርጊ» አለ። ቺንጋው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ።

ሥራው የተጀመረው የከተራ ዋዜማ ነው። የጋራዡ ግቢ ለበዓሉ በሚጠገኑ ሚኒባሶች ተሞልቶ ስለነበር መካኒኩ መኪናችንን አስፋልቱ ዳር አስቁሞኝ ኮፈኗን ከፈተ። በሁለቱ ዘንጎች ጫፍ ያሉት ጎማ መሰል ጥርሳም ብረቶች የቱ ጋ እንደቆሙ ምልክት ማድረግ ነበረበትና ቀለም አጣ። ከቦርሳዬ የጥፍር ቀለም አውጥቼ ሰጠሁት። ቀይ ነው። ላይ አንድ ነጥብ፣ ታች አንድ ነጥብ አደረገ፤ እውነቱን ለመናገር እጁ ንጹሕ ነበር፣ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ቀባው። አሮጌውን ቺንጋ አወጣ። አንድ ባለ ጋሪ ለመጫኛ ይሆነኛል ብሎ ሊወስደው ሲል ከእጁ ተቀበልኩት፤ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በመጽሐፉ መሠረት ላየው ፈልጌ ነበር። ደርቋል እንጂ አንድም ጥርሱ አልረገፈም።

አዲሱን ሊያስገባ ሲል ቺንጋውን የሚወጥረው ኩሽኔታ በእጁ ሲያዞረው ጮኸ። መቀየር አለበት፤ እሱም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ በዓል ስለሆነ ከጥምቀት በፊት አይመጣም። መካኒኩ ኮፈኗን ዘጋ፣ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ አደረገ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባ፣ በሯን ቆለፈ። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ሞተሯ እንዳይዞር፤ ቁልፍም ቢሆን እንዳታስገቢ» አለኝ። ከዚያ ለበዓሉ ወላጆቹ ዘንድ ይጁቤ ሄደ። ሰውየው ብዙ በድሎኛል፤ ያን ቀን ግን የሚገባውን ሁሉ አድርጓል፣ እሱን አልክድም።

ራት ላይ ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት። ቺንጋው ወጥቷል፣ ሞተሯ መዞር የለበትም፣ ማንም እንዳይነካት። ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። «እሺ፣ እሺ» አለኝና መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት።

በማግስቱ ከተራ ነው። እኔ ከጓደኞቼ ጋር በወዲያኛው ሰፈር ያለውን ታቦት ስሸኝ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ መኪናችን ከነበረችበት ሃምሳ እርምጃ ያህል ወርዳ፣ ከአስፋልቱ ወጥታ፣ የባሕር ዛፍ አጥር ሥር ቆማለች። ጎማዋ ሥር ድንጋይ አለ። የጋራዡን ዘበኛ ብጠይቀው «ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ሲጠርጉ ልጆቹ ገፏት» አለኝ። ሰፈሩ ቄጠማ ሲጎዘጉዝ መንገዱ ላይ መኪና ቢገተር ማን ዝም ይላል? ፎሌ ላይ ናት፣ ብትገፋ ምንም አትሆንም ብዬ ደግ አደረጉ አልኩ። መሪውን ማን ያዘ ብዬ አልጠየቅኩም። በተቆለፈ በር ማን ገባ ብዬም አላሰብኩም። በዚህ ራሴን እስከ ዛሬ እወቅሳለሁ፤ ከዚህ ያለፈ ወቀሳ ግን አልቀበልም።

በዓሉ አልፎ መካኒኩ ሲመለስ ኮፈኗ ሲከፈት አጠገቡ ነበርኩ። የላዩ ቀይ ነጥብ ባለበት ቆሟል። የታቹ የለም፤ ዞሮ ወደ ጎን ሄዷል።

«ይቺ ነጥብ እዚህ አልነበረችም» አልኩት።

«ትንሽ ተንቀሳቅሳ ይሆናል።»

«ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች?»

«አንቺ ደግሞ» አለና በመፍቻ መልሶ ነጥቧን ቦታዋ ላይ አመጣት። ኩሽኔታውን አስገባ፣ አዲሱን ቺንጋ አስገባ። አሳምሮ አስገባው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ቀለል ብሎ በባዶው ዞረ፣ አልተነሣም። ካንዴላ ቀየረ። ካርቡራተር ፈትቶ አጠበ። ቤንዚኑ ውኃ አለው አለ። እንዲህ እያለ ቀኑ ሄደ። ቀጠሮው ሲቃረብ አባቴን በአውቶቡስ እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እናቴም ለመነችው። መኪና እያለኝ በአውቶቡስ ተረግጬ አልሄድም አለ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ የቀጠሮው ቀን ሲያልፍ ዝም ብሎ አሳለፈው። አንድ ዘመዳችን ደውሎ ሌላ ቀጠሮ አስያዘለት።

በሦስተኛው ሳምንት ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ ተከፈተ። ቫልቮቹ ታጥፈዋል። መካኒኩ አባቴን አስጠራው፤ እኔ ክንዱን ይዤ አመጣሁት። እነዚያው ሾፌሮች እንደ ልማዳቸው ተደርድረዋል። መካኒኩ አንዱን ቫልቭ አባቴ መዳፍ ላይ አኖረለት።

«ዶክተር፣ ይኸውልዎት። ይህ ቫልቭ ቺንጋው ሳይቀየር በፊት የታጠፈ ነው። እርግጥ ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ማርሽ ስትቀይር ጋዝ ላይ ትቆማለች፤ ሞተሩ ሲጮህ እዚህ ድረስ እንሰማለን። ቺንጋው አንድ ሁለት ጥርስ ዘልሎ ይሆናል።»

እኔ ያቺን መኪና በራሷ ኃይል ነድቼ ነው ጋራዡ በር ላይ ያቆምኳት። ቫልቩ የታጠፈ መኪና እንዴት አድርጎ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዞሮ፣ ዳር ይዞ ይቆማል? ይህንኑ ተናገርኩ። የታቹ ነጥብ ዞራ እንደነበረም ተናገርኩ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ሁሉም አባቴን ነው የሚያዩት። እኔም አየሁት። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ልጄ ደህና አድርጋ ነው የምትነዳው ቢል በቂ ነበር።

አባቴ ቫልቩን በጣቱ እያገላበጠ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ወጣት ናት፣ ትማራለች» አለ።

ደሜ ፈላ። ክንዱን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት። መንገድ ላይ፣ ለአዲሱ ቀጠሮ ደምበጫ ሚኒባስ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ መጥቶ መኪናችንን ነድቶ እንደሚወስደን አባቴ ነገረኝ። እንደሚወስደን ነው ያለኝ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጓዝ ነው። እናቴ እንኳ፣ እናቴ፣ «ምን አለበት፣ እሱ መንገዱን ያውቀዋል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ስሄድ ልጆች በአፋቸው የሞተር ጩኸት ያሰሙ ጀመር።

እውነቱን የነገረችኝ ከጋራዡ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ እሷም ልትነግረኝ ብላ ሳይሆን አባቴን ልታወድስ ብላ ነው። ቴስታታው ተሠርቶ የመጣ ቀን ነበር። ሻይ እየቀዳችልኝ «ደግ ነው፣ ተሠራችላችሁ» አለችኝ። «አባትሽ እኮ እንዲያ ዓይናቸው ደክሞ ዛሬም ነብር ናቸው እቴ።»

«እንዴት?»

«ከተራ ዕለት ነዋ። ልጆቹ የማን መኪና ናት እያሉ ሲጨነቁ እሳቸው መጡ። የእኔ ናት፣ ታቦት ለእኔ መኪና ይቆማል ወይ ብለው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ገብተው መሪውን ያዙ። ልጆቹ እየዘፈኑ ሲገፉ እሳቸው ሁለተኛ አስገብተው ሊያስነሷት ሞከሩ። ሁለት ጊዜ ተንዘፈዘፈች፣ ቀጭ ቀጭ አለች፣ እንቢ አለች። እልል ነው ያልንላቸው። ብቻ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ፣ አትንዳ ብላኛለች ብለው አደራ አሉን። ማን ይነግራል?»

ማንም አልነገረም። ያ ሁሉ ሰፈር፣ የገፉት ልጆች፣ እልል ያሉት ሴቶች፣ የጋራዡ ዘበኛ፣ የአንድን ትልቅ ሰው አደራ ጠብቀው እኔን አሳልፈው ሰጡ። አደራ መብላት ነውር ነው። እኔን መብላት ግን ማንንም አላሳፈረም። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሬዲዮውን አጠፋሁት። አሮጌውን ቺንጋ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኑ ላይ አኖርኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«አሮጌው ቺንጋ ነው። ጥርሱን ይዳብሱት።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የበሬ አፍ እየከፈተ ኖሯል። አንድ ጊዜ ይጁቤ ገበያ አብሬው ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ነጋዴው ስለ በሬው ዕድሜ ሲምል አባቴ አውራ ጣቱን ጥርሱ ላይ አሳልፎ «ውሸት ነው» ይል ነበር፣ ነጋዴውም አይከራከርም። አሁንም አውራ ጣቱን አሳለፈ። ቺንጋውን ቀስ እያለ በእጁ እያዞረ፣ እያንዳንዱን ጥርስ እየነካ፣ ከጀመረበት ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ ዳበሰው። ጊዜ ፈጀበት። አልቸኮልኩም።

«ሙሉ ነው» አለ።

«እኔ ስነዳ ዘልሎ ቢሆን ኖሮ ጥርሱ ይረግፍ ነበር።»

«ይረግፋል።»

«ታዲያ ቫልቩ መቼ ታጠፈ አባባ?»

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

የምጠብቀው ብዙ ዓይነት መልስ ነበር፤ ይህን አልጠበቅኩም። ማን ነገረሽ። ችግሩ የነገረኝ ሰው ሆነ።

«መገፋቷን አይደለም የምጠይቅዎት። መገፋት ነበረባት። ሁለተኛ ማስገባትዎን ነው። ቺንጋው ወጥቷል፣ ሞተሯ እንዳይዞር ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

«እጄ ነው» አለ። «ልጆቹ ሲገፉ፣ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ፣ እጄ ራሱ ሄደ። ሃያ ሰው ኋላዬ ሆኖ እየገፋኝ ፎሌ ላይ ምን ላድርግ?»

«እሺ፣ እጅዎ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ያለው አፍዎስ?»

ቺንጋውን እንደገና ማዞር ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ቢናገር ቴስታታው በነጋታው ይከፈት ነበር፣ ቀጠሮውም ባላለፈ ነበር አልኩት። ጋራዡ ውስጥ ያን ሁሉ ወንድ ፊት «ትማራለች» ሲል እያወቀ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ «እርስዎ» እያልኩ የተናገርኩት ሁሉ ከ«አንተ» የከፋ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

«እናትሽ ካወቀች» አለ በመጨረሻ፣ «ቁልፉን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው።»

እንግዲህ ለዚህ ነው። ለማይነዳው መኪና ቁልፍ፣ በኮቱ ኪስ ውስጥ ለምትቀመጥ ሁለት ጣት ለማትሞላ ብረት፣ የእኔን ስም ሰጠ። አዝኜለት እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ያኔ አላዘንኩለትም። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ስጽፈው እየተናደድኩ ነው። መዳፌን እንደ እሱ ዘረጋሁና ቆምኩ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ከመላኩ በፊት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ ቁልፉን አወጣና መዳፌ ላይ አኖረው። ይቅርታ አላለም። የአጎቴ ልጅ እንዳይመጣ በማግስቱ አስደወለለት፣ ያም ቢሆን ምክንያቱን አልነገረውም።

የሄድን ቀን ገና ጤዛው ሳይረግፍ ተነሣን። ሞተሩ በቁልፍ ነው የተነሣው። ደጀን ላይ ቁርስ ልንበላ ቆምን፤ መንገዱ ዳር የቆሙት ከባድ መኪናዎች ፍሬናቸውን እያስተነፈሱ ለቁልቁለቱ ይዘጋጃሉ። አንድ የጭነት ሾፌር አባቴን ከሩቅ አወቀው፤ በፊት ከብቶቹን ያከመለት ሰው ነው። ሰላምታው ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተር፣ ሞተር ያወረደችው ልጅ ይቺ ናት?» ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደጀን ገብቷል።

አባቴ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከተራ ዕለት ሁለተኛ አስገብቼ ነው። እሷ ምንም አላደረገችም።»

ሾፌሩ ግን ሳቀና የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አባት አይደሉ፣ ይሸፍኑላታላ። እኔም ለልጄ እንዲሁ ነው የምለው።»

አባቴ አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው። ወደ መኪናው ስንመለስ «ተናገርኩልሽ፣ አላመነኝም» አለኝ፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ድምፅ ነበረው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ጋራዡ በር ላይ ነው መናገር ያለብዎት አልኩት። «ስንመለስ እነግረዋለሁ» አለ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመርን። አባቴ የዓባይን ገደል ማየት አልቻለም፤ ሙቀቱ ሲጨምርና ጆሮው ሲደፈን ብቻ ያውቃል። ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ አለ፣ ከኋላዬ አውቶቡስ ጡሩምባ ይነፋል። ቺንጋው አዲስ ነው፤ እሱን አልፈራሁም፣ ሌላውን ሁሉ ፈራሁ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አባቴ አንገቱን ወደ ሞተሩ ድምፅ አዘንብሎ «ስንተኛ ላይ ነሽ?» አለኝ።

«ሁለተኛ።»

ትንሽ አሰበና «እዚህ ላይስ ልክ ነው» አለ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ንዴቴን ይዤ ድልድዩ ድረስ ወረድኩ።

አንድ ዓይኑ ተሠራ፤ ሁለተኛው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በተመለስንበት ቀን ከዓባይ ወዲህ ያለውን መንገድ ሁሉ የሚያየውን እየነገረኝ መጣ። ጤፍ። ፈረስ። የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነባል። እኔንም አየኝ፤ ጠቆርሽ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ገብተን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሳይጠይቀኝ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። አባቴ ገባው፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ።

መካኒኩ እጁን እየጠረገ መጣ። ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው አሉ። ሻይ የምትሸጠዋም ከወዲያ ማዶ ቆማ ታያለች።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት ዶክተር። ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አይሃለሁ።»

«መኪናዋስ?»

«መኪናዋማ ምን አላት» አለ አባቴ። ዞር ብሎ በዳነው ዓይኑ አየኝ፤ ከዚያ ወንዶቹን አየ፣ አንድ በአንድ። «ልጄ ጥሩ አድርጋ ነው የነዳችኝ።»

መሪውን ይዤ ቀጣዩን ጠበቅኩ።

«ተማረች ማለት ነው» አለ መካኒኩ።

«አዎ» አለ አባቴ። እግሩን ወደ ውስጥ መለሰ፣ በሩን ዘጋና «በይ እንሂድ» አለኝ።